የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ለነጋዴዎች፤ ከግሥ ጋር ስለሚጓዙ ጥቃቅን ቃላት



በጅግጅጋ ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙት የንግድ ከተሞች፣ ይኸውም በቶጎ ውጫሌ፣ በአውበሬና በቀብሪ በያህ፣ እንዲሁም በባቡሩ መስመር ባሉት በሽንሌ፣ በኤረርና በደወሌ የሚነግድ ሰው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቋንቋ በላይ ያውቃል። ከከብት አርቢውና ከሐርጌሳው ነጋዴ ጋር በሶማልኛ፣ ከአዲስ አበባው አከፋፋይ ጋር በአማርኛ፣ ከዓረብ አገር ደንበኛው ጋር በዓረብኛ ተነጋግሮ ይስማማል። ነገር ግን ዕቃው በመርከብ ሲጫን፣ ገንዘቡ ከባንክ ወደ ባንክ ሲተላለፍ፣ ጭነቱም ኢንሹራንስ ሲገባ የሚጻፈው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። በአፍ የተስማሙት በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን፣ ክርክር በተነሣ ጊዜ ባንኩም የኢንሹራንሱ ኩባንያም የሚያነቡት የተጻፈውን ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ማወቅ ለነጋዴ የክብር ጌጥ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡን የሚጠብቅበት ቁልፍ ነው።

ቋንቋው ለአካባቢያችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1941 ጅግጅጋ ከገባ በኋላ እስከ 1948 ድረስ ከተማዋ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበረች፤ ሐውድ የተባለው የግጦሽ ምድርም እስከ 1955 ድረስ በዚያው አስተዳደር ሥር ቆይቷል። በበርበራና በሐርጌሳ ደግሞ እንግሊዞች እስከ 1960 ድረስ ገዝተዋል። ከዚያ ዘመን የቀሩ ቃላት ዛሬም በሶማልኛ ይነገራሉ፤ መጽሐፍ «ቡግ»፣ ፖሊስ «ቦሊስ» ይባላል። ሃምሳ ሳንቲምን «ሽልንግ» ብለን የምንጠራው እኛ አማርኛ ተናጋሪዎችም ከእንግሊዞች ገንዘብ ስም ተውሰን ነው። በባቡሩ መስመር ግን ባቡር ድሬዳዋ ከደረሰበት ከ1902 ጀምሮ የንግድ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ስለ ነበረ፣ «ለገሃር» የሚለው ስም ከዚያ ቀርቶልናል። ዛሬ ከጂቡቲ ወደብም ሆነ የዱባዩ ዲፒ ወርልድ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከሚያስተዳድረው ከበርበራ ወደብ የሚመጣው የመርከብ ሰነድ በብዛት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው።

ብዙ ነጋዴዎች እንግሊዝኛ ሲማሩ ረጃጅሞቹን ቃላት ያጠናሉ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ረጅም ቃል የማይታወቅ መሆኑ በግልጽ ስለሚታይ አንባቢው መዝገበ ቃላት ይገልጣል ወይም ሰው ይጠይቃል። አደጋው ያለው አጭሩ ቃል ዘንድ ነው። ክፈል፣ ጥራ፣ አስቀምጥ፣ ጻፍ የሚሉትን ግሦች በትምህርት ቤት የተማረ ሰው አውቃቸዋለሁ ብሎ ያልፋል፤ ከግሡ ቀጥሎ የተቀመጠችውን ትንሽ ቃል ግን አይመለከታትም። የውሉን መንፈስ የምትለውጠው ግን እርሷ ናት።

ይህ ነገር በእንግሊዝኛ ብቻ ያለ አይደለም። በአማርኛ «ቆረጠ» የሚለው ግሥ የሚያመለክተው ሥራ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን «ዋጋ ቆረጠ»፣ «ትኬት ቆረጠ»፣ «ተስፋ ቆረጠ» ስንል በሦስቱም ቦታ ቢላዋ የለም። እንዲሁም «እጅ ሰጠ» ማለት ተማረከ ሲሆን፣ «እጅ ነሣ» ማለት ደግሞ አክብሮ ሰገደ ማለት ነው። ሁለቱንም ቃል ለየብቻ በመዝገበ ቃላት የፈለገ የውጭ አገር ሰው ትርጓሜውን አያገኘውም። የሶማልኛ ተናጋሪ የሆኑት አንባቢዎቻችን ደግሞ ለዚህ ትምህርት ይበልጥ የተዘጋጁ ናቸው፤ በቋንቋቸው ከግሡ በፊት የሚገቡ ጥቃቅን ቃላት አሉና። «ሶ ሶዖ» ማለት ወደዚህ ና ሲሆን፣ «ሲ ሶዖ» ማለት ጒዞህን ቀጥል ማለት ነው። ግሡ አንድ ነው፤ አቅጣጫውን የለወጠችው ትንሿ ቃል ናት። በእንግሊዝኛ ይህችው ቃል ከግሡ በኋላ ትመጣለች። ልዩነቱ ይህ ብቻ መሆኑን የተረዳ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል ማለት ይቻላል።

ከዚህ ቀጥሎ በንግድ ደብዳቤ ውስጥ አዘውትረው የሚገኙትን በየክፍሉ እናቀርባለን። የእንግሊዝኛውን ድምፅ በራሳችን ፊደል ጽፈነዋል።

አንደኛ ክፍል፤ ግሥና ተከታዩ ቃል

«ኮል ኦፍ» እና «ፑት ኦፍ»። እነዚህ ሁለቱ እጅግ የሚያደናግሩ ናቸው። «ኮል ኦፍ» ማለት ፈጽሞ መሰረዝ ነው። «ፑት ኦፍ» ማለት ግን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ በግ ላኪ መርከቡ ስለ ዘገየ ጭነቱ በሁለት ሳምንት እንዲተላለፍለት ፈልጎ ለገዢው «ኮል ኦፍ» ብሎ ቢጽፍ፣ ገዢው ውሉ ፈርሷል ብሎ ከሌላ ቦታ ሊገዛ ይችላል። በጎቹ ግን ተገዝተው በበረት ቆመዋል፤ መኖና ውኃም ይፈልጋሉ። በአንዲት ቃል ምክንያት የሚመጣው ኪሳራ ይህን ያህል ነው።

«ኮል ፎር» ደግሞ ሌላ ነው፤ መጠየቅ፣ ማስፈለግ ማለት ነው። የባንክ ሰነድ ይህን ወይም ያንን የምስክር ወረቀት «ኮልስ ፎር» ካለ፣ ያ ወረቀት የግድ መቅረብ አለበት ማለት ነው።

«ፔይ» ማለት መክፈል ነው። «ፔይ ኢን» ገንዘብን ወደ ባንክ ማስገባት፣ «ፔይ አውት» ወጪ አድርጎ መስጠት፣ «ፔይ ባክ» የተበደሩትን መመለስ፣ «ፔይ ኦፍ» ዕዳን ጨርሶ መዝጋት ነው። በደረሰኝ ላይም «ፔይድ ኢን ፉል» ከተባለ ሒሳቡ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል፤ «ፔይድ ኦን አካውንት» ከተባለ ግን ከዕዳው ላይ በከፊል የተከፈለ ነው እንጂ ዕዳው አልተዘጋም። ከፋዩ የመጨረሻውን ገንዘብ ከሰጠ በኋላ የሚቀበለው ደረሰኝ የፊተኛውን ቃል የያዘ መሆኑን ይመርምር።

«ድሮው አፕ» ማለት ውልን ወይም ሰነድን አዘጋጅቶ መጻፍ ነው። «ድሮው ኦን» ግን በአንድ ሰው ወይም በአንድ ባንክ ላይ የክፍያ ትእዛዝ ማውጣት፣ ወይም ከተቀመጠ ገንዘብ ላይ ማንሣት ነው። የመጀመሪያው ቀለምና ወረቀት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ገንዘብ ይጠይቃል።

«ራይት ዳውን» ማለት በማስታወሻ መመዝገብ ሲሆን፣ በሒሳብ ሠራተኛ ቋንቋ ደግሞ የአንድን ዕቃ ዋጋ በመዝገብ ላይ ዝቅ ማድረግ ነው። «ራይት ኦፍ» ማለት የማይመለስ ዕዳን ከሒሳብ መዝገብ በኪሳራነት ማውጣት ነው። ባለሱቅ የዱቤ መዝገቡን ለሒሳብ ዐዋቂ በሰጠ ጊዜ ይህ ቃል የተጻፈበትን ስም ሳያጣራ አይለፍ።

«ሳይን» ማለት መፈረም ነው። «ሳይን ፎር» ግን ዕቃውን ተረክቤያለሁ ብሎ መፈረም ነው። የመጋዘን ጠባቂ ሠላሳ ካርቶን የጐደለበትን ጭነት ሳይቈጥር «ሳይን ፎር» ካደረገ፣ ሙሉ መጠን ተረክቤያለሁ ብሎ መመስከሩ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተፈረመ ፊርማ በጥድፊያ ያስከፍላል። ጐደሎ ቢኖር ጐደሎውን በቊጥር ጽፎ ከዚያ በኋላ መፈረም ይገባል።

«ፎል» ማለት መውደቅ ነው። «ፎል ድዩ» የክፍያው ቀን መድረስ፣ «ፎል ሾርት» ከተፈለገው መጠን ማነስ፣ «ፎል ቢሃይንድ» በክፍያ ወይም በሥራ ወደ ኋላ መቅረት፣ «ፎል ስሩ» ደግሞ የተጀመረው ስምምነት ሳይፈጸም መቅረት ነው። በአራቱም የወደቀ ነገር የለም።

«ተርን ዳውን» ማለት የቀረበን ዋጋ ወይም ጥያቄ አለመቀበል ነው። «ባክ አውት» ማለት ከተስማሙ በኋላ ማፈግፈግ ነው። የመጀመሪያው የነጋዴ መብት ነው፤ ሁለተኛው ግን ካሣ ሊያስጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ገና ውል ያልገባ ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ሁለተኛውን ቃል መጠቀም የለበትም።

«ሆልድ አፕ» ማለት ማዘግየት፣ ማገድ ነው፤ ጭነቱ በጉምሩክ ቆመ ሲባል «ሄልድ አፕ» ይባላል። «ሆልድ ባክ» ግን ለሰው የሚገባውን ክፍያ ይዞ ማቈየት ነው። የሚያዘገየውን ነገር እንጂ የሚያስቀረውን ሰው የማያመለክት ቃል ፈልጎ መጻፍ ወዳጅነትን ይጠብቃል።

«ራን አውት» ዕቃ ማለቅ፣ «ራን ሾርት» ሊያልቅ መቃረብ፣ «ራን አፕ» ዕዳን እያደር ማከማቸት ነው። «ራን» ማለት መሮጥ መሆኑን ብቻ የሚያውቅ ሰው ስኳሩ ሮጦ ወጣ ብሎ እንዳይተረጕም!

ሁለተኛ ክፍል፤ ቀንንና መጠንን የሚወስኑ ቃላት

በዕለታዊ ንግግር ልል የሆኑ ቃላት በባንክ ወረቀት ላይ የተቈረጠ መጠን አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1919 የተመሠረተውና መቀመጫው ፓሪስ የሆነው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ለሌተር ኦፍ ክሬዲት ያወጣው ደንብ ዩሲፒ 600 ይባላል፤ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ሌተር ኦፍ ክሬዲቱ በዚህ ደንብ የሚገዛ ሲሆን፣ ከዚህ በታች ያሉት ቃላት እንደሚከተለው ይተረጐማሉ።

«አባውት» ወይም «አፕሮክሲሜትሊ»፣ ማለት ገደማ፣ ሲባል ከመቶ ዐሥር እጅ ወደ ላይ ወይም ከመቶ ዐሥር እጅ ወደ ታች ይፈቀዳል ማለት ነው። 500 ኩንታል ገደማ ከተባለ ከ450 እስከ 550 ኩንታል መላክ ይቻላል። ነገር ግን ቃሉ የተጻፈው ከመጠኑ ጋር ብቻ ከሆነና ከገንዘቡ ጋር ካልተጻፈ፣ መጠኑ ሲጨምር የሚከፈለው ገንዘብ ከተወሰነው አያልፍም። ላኪው 550 ኩንታል ልኮ የ500 ኩንታል ዋጋ እንዳይቀበል ይህን አስቀድሞ ይመልከት።

«ኦን ኦር አባውት»፣ በዚያ ቀን ወይም በዚያ ገደማ ማለት ሲሆን፣ ከተጠቀሰው ቀን በፊት ካለው አምስተኛ ቀን ጀምሮ ከዚያ ቀን በኋላ እስካለው አምስተኛ ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ማርች 15 ገደማ ከተባለ ከማርች 10 እስከ ማርች 20 ነው፤ ሁለቱም ጫፎች ይቈጠራሉ።

ስለ መጫኛ ጊዜ ሲነገር «አንቲል»፣ «ቲል»፣ «ቱ»፣ «ፍሮም» እና «ቢትዊን» የተጠቀሰውን ቀን ይጨምራሉ፤ «ቢፎር» እና «አፍተር» ግን አይጨምሩም። ስለዚህ «አንቲል» ኤፕሪል 10 ከተባለ በ10ኛው ቀን መጫን ይቻላል፤ «ቢፎር» ኤፕሪል 10 ከተባለ ግን የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 9 ነው። በአንድ ቀን መዘግየት ባንኩ ሰነዱን አልቀበልም ለማለት ይበቃዋል።

ስለ ክፍያ ቀን ሲነገር ግን «ፍሮም» እና «አፍተር» ሁለቱም የተጠቀሰውን ቀን አይጨምሩም። የመርከብ ሰነዱ ማርች 1 የተጻፈ ቢሆንና ክፍያው ከዚያ በኋላ በ60 ቀን ቢባል፣ ቈጠራው ከማርች 2 ጀምሮ ኤፕሪል 30 ላይ ያልቃል። «ፍሮም» የሚለው ቃል በመጫኛ ጊዜ ቀኑን ሲጨምር በክፍያ ቀን ግን እንደማይጨምር ልብ ይሏል።

የወሩ «ቢጊኒንግ» ከ1 እስከ 10፣ «ሚድል» ከ11 እስከ 20፣ «ኤንድ» ከ21 እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። «ፕሮምፕት»፣ «ኢሚዲየትሊ»፣ «አዝ ሱን አዝ ፖሲብል» የሚሉት ግን፣ በአንድ ሰነድ ላይ እንዲጻፉ ካልታዘዘ በቀር፣ በደንቡ ዘንድ እንዳልተጻፉ ይቈጠራሉ። አስቸኳይ ነው ብሎ የጻፈ ነጋዴ ቀን ካልቈረጠ ምንም አልጻፈም።

ከባንክ ውጭ ባለው ተራ ደብዳቤ ደግሞ «ባይ» እና «አንቲል» ይለያያሉ። «ባይ ፍራይደይ» ክፈል ማለት ከዓርብ አታሳልፍ ማለት ነው። «አንቲል ፍራይደይ» ዕቃውን እናቈይልሃለን ማለት እስከ ዓርብ ድረስ ዕቃው በእጃችን ይቈያል ማለት ነው።

ቀን ሲጻፍም 3/4 ብሎ ማሳጠር አይገባም፤ እንግሊዛዊው ኤፕሪል 3፣ አሜሪካዊው ማርች 4 ብሎ ያነብበዋልና። የወሩ ስም በቃል ይጻፍ፤ አቈጣጠሩ የእኛ ወይም የአውሮፓ መሆኑም ይገለጽ። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ለውጭ ሰው በእንግሊዝኛ «አት ቱ» ያለ ሰው ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓትን ወይም ሌሊት ስምንት ሰዓትን ጠራ እንጂ የጧቱን ሁለት ሰዓት አልጠራም።

ሦስተኛ ክፍል፤ የትሕትና አነጋገርና በውስጡ ያለው ቁም ነገር

የእንግሊዝኛ የንግድ ደብዳቤ ትሕትና ይወዳል። ትሕትናው ግን ተስፋ አይደለም።

«ዊ ሪግሬት» ብሎ የጀመረ ዐረፍተ ነገር በጨዋነት የተነገረ እምቢታ ወይም መጥፎ ወሬ ነው። «ዊ ዊል ሉክ ኢንቱ ኢት» ማለት እንመረምረዋለን ማለት ነው እንጂ እናስተካክለዋለን ማለት አይደለም። «ዊ ሃቭ ኖትድ ዩር ክሌም» ማለት አቤቱታህን አይተናል ማለት ነው፤ ተቀብለናል አላሉም። «ዊ ዊል ዱ አወር ቤስት» ማለት እንጥራለን ማለት ነው፤ ዋስትና አልሰጡም። «ዊ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» ማለት መልስህን እንጠብቃለን የሚል የመዝጊያ ሰላምታ ነው።

«ሰብጀክት ቱ» ከሁሉ ይበልጥ መታወቅ ያለበት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ካልተፈጸመ ከዚህ በፊት የተባለው አይጸናም ማለት ነው። ሻጩ «ሰብጀክት ቱ አወር ፋይናል ኮንፈርሜሽን» ብሎ ዋጋ ቢልክ፣ የመጨረሻ ማረጋገጫ እስኪሰጥ ድረስ አልታሰረም። ገዢው በዚህ ዋጋ ተማምኖ ለሌላ ሰው ቀብድ ተቀብሎ እንደ ሆነ፣ ራሱ ታስሮ ሻጩ ነፃ ነው። የጸና ዋጋ የሚፈልግ ሰው «ፈርም ኦፈር» ይጠይቅ፤ እስከ መቼ የጸና መሆኑንም በቀን ያስጽፍ።

«አዝ ኢዝ» የተባለው ቃል በአሮጌ መኪናና ማሽን ሽያጭ ላይ ይገኛል። ከነጒድለቱ እንዳለ የተሸጠ ማለት ነው። ይህን ፈርሞ የገዛ ሰው በኋላ ስለ ብልሽቱ ሻጩን መጠየቅ ይከብደዋል።

አራተኛ ክፍል፤ የመርከብ ጭነት ሰነድ

«ሴድ ቱ ኮንቴይን» ማለት በውስጡ ይህ አለ ተብሏል ማለት ነው። የተባለው በላኪው ነው፤ የመርከቡ ኩባንያ ኮንቴይነሩን ከፍቶ አልቈጠረም። በዩሲፒ 600 ደንብ መሠረት ባንክ በዚህ ቃል ምክንያት ሰነዱን አይመልስም፤ ስለዚህ የገዢው ገንዘብ ይከፈላል። ገዢው ዕቃው ከመጫኑ በፊት በገለልተኛ መርማሪ እንዲታይ በውሉ ውስጥ ካላስገባ፣ ኮንቴይነሩ በጅግጅጋ ሲከፈት የሚያገኘውን በጸጋ መቀበል ግድ ሊሆንበት ይችላል።

«ፍሬይት ፕሪፔይድ» ማለት የመርከብ ኪራይ አስቀድሞ ተከፍሏል ነው። «ፍሬይት ኮሌክት» ማለት ኪራዩ ከተቀባዩ ይሰበሰባል ነው። «ኮሌክት» የሚለውን ዕቃህን ሰብስብ ብሎ የተረዳ ሰው በወደብ ያልጠበቀው ሒሳብ ይቀርብለታል።

አምስተኛ ክፍል፤ ስለ አነባበብ

በስልክ የሚደረግ ስምምነት በጆሮ ላይ የተመሠረተ ነው። በሶማልኛና በዓረብኛ «ፕ» የሚለው ድምፅ ስለሌለ በ«ብ» ይተካል፤ ፖሊስ «ቦሊስ» የሆነው በዚህ ነው። ነገር ግን በእንግሊዝኛ «ፓክ» ማለት ማሸግ፣ «ባክ» ማለት ወደ ኋላ ነው። ዕቃውን አሽገው ሊሉ መልሰው ብለው እንዳይሰሙ ከንፈርን ገጥሞ በኃይል መልቀቅን መለማመድ ያስፈልጋል።

በእንስሳት ንግድ ላይ ላሉት ደግሞ «ሽፕ» እና «ሺፕ» የተለዩ ናቸው። አጭሩ መርከብ ወይም በመርከብ መላክ፣ የሚረዝመው በግ ነው። ሁለቱም በአንድ ደብዳቤ ውስጥ የሚገኙ ስለ ሆኑ ድምፁን መለየት ይገባል። በተጨማሪም የበግ ስም በእንግሊዝኛ አንድም ቢሆን ሺህም ቢሆን አይለወጥም፤ እንስሳት ሲቈጠሩም «ሄድ» የሚለው ቃል ሳይበዛ ይነገራል።

«ፊፍቲን» 15፣ «ፊፍቲ» 50 ነው። «ሰርቲን» 13፣ «ሰርቲ» 30 ነው። በስልክ ሲነገሩ ስለሚመሳሰሉ ቊጥሩን በየአኃዙ፣ «ዋን ፋይቭ» ወይም «ፋይቭ ዚሮ» ብሎ መድገም የጥንቁቅ ነጋዴ ልማድ ነው።

ስለ አጠናን

እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን መያዝ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። በሳምንት አምስት አምስት ብቻ የሚይዝ ሰው በዓመት ከሁለት መቶ ሃምሳ በላይ ያውቃል። ለዚህም የሚከተለው ሥርዓት ይጠቅማል።

ግሡን ለብቻ፣ ተከታዩን ቃል ለብቻ አለማጥናት፤ ሁለቱን እንደ አንድ ቃል መጻፍ። ከቃሉ አጠገብ የአማርኛ ወይም የሶማልኛ ትርጕም፣ ከዚያም ከራስ ንግድ የተወሰደ አንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ፤ ጨርቅ ነጋዴ በጨርቅ፣ ከብት ላኪ በከብት ምሳሌ ያድርግ። የመጡትን የቆዩ ደብዳቤዎች አውጥቶ ትንንሾቹን ቃላት በእርሳስ ማስመር። ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ። የመጋዘን ሠራተኛውንና የሱቅ ረዳቱንም አብሮ ማስተማር፤ ዕቃ የሚረከበውና የሚፈርመው ብዙ ጊዜ እርሱ ነውና።

ከሁሉም በላይ፣ ያልገባውን የሚጠይቅ ነጋዴ አያፍርም። «ፕሊዝ ኮንፈርም ኢን ራይቲንግ»፣ ማለት በጽሑፍ አረጋግጡልኝ፣ የሚለውን አንድ ዐረፍተ ነገር እያንዳንዱ ነጋዴ በቃሉ ይያዝ። በዚህ ዐረፍተ ነገር ማንም አይቀየምም፤ የውጭ አገር ነጋዴም እንደ ብልኅ ሰው ይቈጥረዋል። አጠራጣሪ ቃል በመጣ ጊዜም እኛ እንዲህ ተረድተነዋል፣ ትክክል ነውን ብሎ በቀላል ቃል መልሶ መጻፍ ከጠበቃ ወጪ ያድናል።

መልመጃ

የሚከተሉትን ከፍቶ ሳይመለከቱ ይመልሱ።

1. ገዢው የጭነቱን ቀን «ፑት ኦፍ» አድርጌያለሁ ብሎ ጽፏል። ውሉ ፈርሷልን?
2. ደረሰኙ «ፔይድ ኦን አካውንት» ይላል። ዕዳው አልቋልን?
3. ሌተር ኦፍ ክሬዲቱ 200 ቶን «አባውት» ይላል። ቢበዛና ቢያንስ ስንት መላክ ይቻላል?
4. ዕቃው «ቢፎር» ጁን 20 እንዲጫን ታዟል። በጁን 20 ቢጫን ይጸናልን?
5. ሻጩ «ሰብጀክት ቱ ፋይናል ኮንፈርሜሽን» ብሎ ዋጋ ልኳል። ገዢው ለደንበኛው ዋጋውን ሊያረጋግጥ ይችላልን?
6. ሰነዱ «ፍሬይት ኮሌክት» ይላል። ኪራዩን የሚከፍል ማን ነው?

መልስ

1. አልፈረሰም፤ ቀኑ ተላለፈ እንጂ። አዲሱን ቀን በጽሑፍ ይጠይቅ። 2. አላለቀም፤ ቀሪ አለ። 3. ቢበዛ 220፣ ቢያንስ 180 ቶን ነው። 4. አይጸናም፤ የመጨረሻው ቀን ጁን 19 ነው። 5. አይችልም፤ አስቀድሞ የሻጩን ማረጋገጫ ይቀበል። 6. ተቀባዩ ነው።

ስድስቱንም የመለሰ አንባቢ መልካም አድርጓል። ሦስትና ከዚያ በታች የመለሰ ደግሞ ተስፋ ሳይቈርጥ ትምህርቱን በየክፍሉ ደግሞ ይመልከት። ሶማሌዎች «ዕውቀት ማጣት ብርሃን ማጣት ነው» ይላሉ፤ በንግድ ወረቀት ፊት ደግሞ ብርሃን ያጣ ሰው የሚፈርመውን አያይም። ስለዚህ ዛሬ በጠረጴዛዎ ላይ ያለውን አንድ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ያንሡ፤ ከየግሡ ቀጥሎ ያለችውን ትንሽ ቃል ያስምሩ፤ ያላወቋትንም ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ።